ስሟን የሰወረች ልዕልት
(ስለ «ሮማን ሆሊዴይ» ፊልም የተሰጠ የሕዝብ ትምህርት ንግግር)



ስለ ነገሥታት ዜና መዋዕል፣ ስለ ጦርነትና ስለ ዕርቅ፣ ስለ ሕክምናና ስለ ሥነ ፍጥረት ትምህርት መስማት በለመደ ጉባኤ ፊት አንድ የሣቅና የፍቅር ፊልም ይዞ መቅረብ ለአንዳንዶቻችሁ የዋዛ ነገር መስሎ ቢታይ አልፈርድም። ነገር ግን ከድርሰት ወገን ሁሉ ቶሎ የሚያረጀው የሣቅ ድርሰት መሆኑን ታውቃላችሁ፤ አባቶቻችንን ሆዳቸውን አስይዞ ያሣቀ ጨዋታ እኛን ፈገግ ሳያሰኝ ሲቀር፣ እኛ የምንወደውንም ቀልድ ልጆቻችን እያዛጉ ሲያዳምጡት እናያለንና። ስለዚህ አንድ የዋዛ ፊልም ከሰባ ዓመት በላይ ኖሮ ዛሬም የሚያየውን ሰው የሚያሥቅ፣ አሥቆም በፍጻሜው ዝም የሚያሰኝ ከሆነ፣ ከዋዛው በታች ምን ዓይነት መሠረት እንደ ተጣለ መመርመር የጉባኤን ጊዜ ማባከን አይመስለኝም።

ፊልሙ «ሮማን ሆሊዴይ» ይባላል። በ1952 የሮማ የሙቀት ወራት ተቀርጾ በ1953 ለሕዝብ ታየ፤ ዘመኑን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር እናገራለሁና ይህን አስቀድማችሁ ያዙልኝ። ያዘጋጀው በአልዛስ ተወልዶ በአሜሪካ የሠራው ዊልያም ዋይለር ነው። ልዕልቲቱን ሆና የተጫወተችው በዚያን ጊዜ የሃያ ሦስት ዓመት ወጣት የነበረችው ኦድሪ ሄፕበርን ስትሆን፣ ጋዜጠኛውን ግሪጎሪ ፔክ፣ ፎቶግራፍ አንሺውን ደግሞ ኤዲ አልበርት ተጫውተውታል። ቀለም የለውም፤ ጥቁርና ነጭ ነው፤ ስለዚህም በኋላ የምለው አለኝ።

አገሯ በስም ያልተጠቀሰ፣ አን የምትባል አንዲት ወጣት ልዕልት የአውሮፓን ታላላቅ ከተሞች ስትጎበኝ ሰንብታ ሮማ ትደርሳለች። በኤምባሲው አዳራሽ ቆማ የጳጳሱን እንደራሴና አምባሳደሮችን፣ መሳፍንቱንና ወይዛዝርቱን ተራ በተራ ስትቀበል፣ ለእያንዳንዱም በየቋንቋው የሚገባውን ቃል ስትናገር እናያታለን። ዋይለር ግን የፎቶግራፍ ዓይኑን ዝቅ አድርጎ ከረዥሙ ቀሚስ ሥር ያገባና አንዱ እግሯ ከጫማው ወጥቶ ሌላውን እግሯን ሲያሻሽ ያሳየናል፤ ጫማው ይገለበጣል፤ በእግሯ ጣቶች ብትፈልገውም አታገኘውም፤ በመጨረሻ ልትቀመጥ ስትል ጫማው ከፊቷ ብቻውን ቀርቶ ለጉባኤው ሁሉ ይገለጣል። ከላይ የአልማዝ ዘውድ፣ ከታች ባዶ እግር፤ አንድ ቃል ሳይነገር የፊልሙ ነገር ሁሉ በዚህች ትንሽ ጨዋታ ውስጥ ተነግሮ አልቋል።

በዚያች ሌሊት የክብር እመቤቷ የነገውን ሥራ በሰዓትና በደቂቃ ከፍላ ስታነብላት ልዕልቲቱ ትዕግሥቷ አልቆ ትጮኻለች፤ ሐኪም ተጠርቶ የእንቅልፍ መድኃኒት ይወጋታል፤ እርሷ ግን መድኃኒቱ ሳይሠራ በኤምባሲው ግቢ በቆመ የጭነት መኪና ተሸሽጋ ከተማ ትወጣለች። ከጥንታዊው የሮማ አደባባይ ፍርስራሽ አጠገብ እንቅልፍ ጥሏት የሚያገኛት፣ የቤት ኪራይ ያለበትና የቁማር ዕድል የራቀው ጆ ብራድሊ የሚባል አሜሪካዊ ጋዜጠኛ ነው። የሰከረች ልጅ መስላው፣ መንገድ ላይ ጥሎ መሄድ ኅሊናው ስላልፈቀደ፣ እየተነጫነጨ ወደ ጠባብ ክፍሉ ይወስዳታል። በማግሥቱ በጋዜጣ ላይ ሥዕሏን አይቶ ማን መሆኗን ሲያውቅ ግን ርኅራኄው ወደ ንግድ ይለወጣል፤ ለዋና አዘጋጁ የልዕልቲቱን የግል ታሪክ ከነፎቶግራፉ ለማምጣት ቃል ይገባል፤ ዋጋውም አምስት ሺሕ ዶላር ይሆናል። ኢርቪንግ የሚባለውን ፎቶግራፍ አንሺ ወዳጁን ይጠራና፣ ሁለቱ እንደማያውቋት ሆነው፣ እርሷም የማያውቋት መስሏት፣ ሦስቱ አብረው አንድ ቀን በሮማ ይውላሉ።

ፊልሙን ደጋግሞ ያየ ሰው የሚያስተውለው ነገር ይህ ነው፤ በዚህ ታሪክ ውስጥ ስሙን ወይም ሥራውን ያልሰወረ ሰው ከቶ የለም። ልዕልቲቱ አንያ ነኝ ትላለች፤ ጋዜጠኛው የማዳበሪያና የኬሚካል ነጋዴ ነኝ ይላል፤ ፎቶግራፍ አንሺው ካሜራውን በሲጋራ መለኮሻ ውስጥ ሸሽጎ ይዟል፤ ኤምባሲውም በበኩሉ ልዕልቲቱ በድንገት ታማለች ብሎ መግለጫ ያወጣል። መንግሥት በማኅተም ይዋሻል፤ ጋዜጠኛ በፈገግታ ይዋሻል፤ ልዕልት በየዋህነት ትዋሻለች። ከእነዚህ ሁሉ ውሸቶች መካከል የጋዜጠኛውና የወዳጁ ብቻ ገንዘብ የሚያስገኝ መሆኑ የታሪኩ መርዝ ነው፤ ሣቃችን ሁልጊዜ በጥቂት ፍርሃት የተቀላቀለ የሚሆነውም ስለዚህ ነው።

እንዲህ ያለ መሰወር የሚቻለው በታላቅ ከተማ ብቻ ነው። በገጠር የእገሌ ልጅ፣ የእገሊት የልጅ ልጅ ያልሆነ ሰው የለም፤ እንግዳ ሰው ገና ከወንዝ ማዶ ሳለ ማንነቱ ተጠይቆ፣ ተገምቶ፣ ተወስኖ ይጠብቀዋል። ከተማ ግን ብዙ ሰው ስላለበት ማንንም አያውቅም፤ በዚህም ጭካኔው ለአንዳንዱ ሰው ምሕረት ይሆናል። ልዕልቲቱ ከጋዜጠኛው የተበደረችውን አንድ ሺሕ ሊሬ፣ ማለት አንድ ዶላር ተኩል የሚያህል ገንዘብ ይዛ ወደ ገበያ ስትወጣ የሚገፋት እንጂ የሚሰግድላት የለም፤ ይህም ሐሤቷ ነው። ክፍት ጫማ ትገዛለች፤ ከትሬቪ ፏፏቴ አጠገብ ፀጉር አስተካካይ ቤት ገብታ ረዥሙን ፀጉሯን ታስቆርጣለች፤ በእስፓኝ አደባባይ ደረጃ ላይ ተቀምጣ ጄላቲ ትበላለች።

ስለ ፀጉሩ ጥቂት ልዘግይ። ሰው ሁሉ ከዚህ ፊልም የሚያስታውሰው በቬስፓ ሞተር ብስክሌት ላይ የተደረገውን ግልቢያ ነው፤ እኔ ግን የፀጉር ቤቱን ትዕይንት አስበልጣለሁ። ፀጉር አስተካካዩ መቀሱን ይዞ እያመነታ ይህን ያህል ይበቃል ወይ ብሎ ሲጠይቃት፣ እርሷ ከፍ አድርገህ ቁረጥ፣ ከዚያም ከፍ አድርግ ትለዋለች። ከሕፃንነቷ ጀምሮ ለሺሕ አሽከሮች ትእዛዝ ስትሰጥ የኖረች ልጅ ስለ ራሷ ነገር ስታዝዝ ይህ የመጀመሪያዋ ነው፤ ያዘዘችውም ከአንገት በላይ ያለውን ፀጉር ብቻ ነው፤ ከዚያ የሚበልጠው ዕጣዋ በእጇ አይደለምና።

ዋይለር ፊልሙን በካሊፎርኒያ ውስጥ በተሠራ የሸራና የጣውላ ሮማ ሳይሆን በእውነተኛዪቱ ሮማ ለማንሣት የቆረጠ ሰው ነበር፤ በፊልሙ መግቢያም ሥራው በሙሉ በሮማ የተቀረጸ መሆኑ ተጽፎ ይታያል። የፓራማውንት ኩባንያ በዚህ የተስማማበት ምክንያት የጥበብ ፍቅር ብቻ አልነበረም። ከጦርነቱ በኋላ የአሜሪካ የፊልም ኩባንያዎች በጣልያን ያገኙትን ገንዘብ ከአገር እንዳያወጡ ሕግ ስለ ከለከላቸው፣ ገንዘቡን እዚያው በሥራ ላይ ማዋል ይሻል ነበር፤ ወጪውንም ለመቀነስ ሲባል ቀለሙ ቀረ። እኔ ለዚህ ቁጠባ ምስጋና አቀርባለሁ። በቀለም ቢነሣ ኖሮ የጉብኝት ማስታወቂያ ይመስል ነበር፤ በጥቁርና በነጭ በመነሣቱ ግን ቪቶሪዮ ዴ ሲካ በ1948 «የብስክሌት ሌቦች» በተባለው ፊልም ሥራ አጡንና ልጁን ካንከራተተባት ሮማ ጋር አንድ ሆኖ ቀረ። ያው ግድግዳ፣ ያው ፀሐይ፣ ያው በብስክሌት የሚተራመስ ሕዝብ ነው፤ በአራት ዓመት ልዩነት አንዱ አባት በዚያ ከተማ እንጀራውን ሲፈልግ፣ አንዲት ልዕልት ደግሞ ስሟን ልትጥል ትመጣለች።

የታሪኩ ማዕከል፣ በእኔ አስተያየት፣ በሳንታ ማርያ ኢን ኮስሜዲን ቤተ ክርስቲያን ደጀ ሰላም የሚፈጸመው ነው። በዚያ ከግድግዳው ጋር የቆመ፣ ክብ ሆኖ የሰው ፊት የተቀረጸበት፣ አፉን የከፈተ ጥንታዊ እብነ በረድ አለ፤ የእውነት አፍ ይሉታል። ሐሰተኛ ሰው እጁን ቢያገባበት ይቆርጠዋል የሚል የቆየ አፈ ታሪክ አለው። ጋዜጠኛው ይህን ሲነግራት ሁለቱም ሐሰተኞች መሆናቸውን እናውቃለን። ልዕልቲቱ እጇን ታስጠጋለች፤ ትፈራለች፤ ወዲያው ትመልሳለች። ተራው የእርሱ ይሆናል፤ እጁን ያገባል፤ ይጮኻል፤ ሲያወጣው እጁ ከእጅጌው ጠፍቷል። እርሷም ትጮኻለች። ግሪጎሪ ፔክ እጁን በእጅጌው ውስጥ የመሸሸጉን ተንኮል ለዋይለር ብቻ ነግሮ ለእርሷ ስላልነገራት ጩኸቷ የእውነት ጩኸት እንደ ነበረ ይነገራል። እንግዲህ ነገሩን ተመልከቱት፤ ስለ ሐሰት በተሠራ ትዕይንት ውስጥ እውነተኛው ነገር የተዋናዪቱ ድንጋጤ ነው፤ እርሱም የተገኘው እርሷን በማታለል ነው።

ከዚያ ቤተ ክርስቲያን ተነሥቶ ጥንታዊውን የሰረገላ መሽቀዳደሚያ ሜዳ በርዝመቱ ለተሻገረ ሰው፣ ፊልሙ በተነሣበት ዘመን፣ ከሜዳው በወዲያኛው ጫፍ በፖርታ ካፔና አደባባይ የአክሱም ሐውልታችን ቆሞ ይታየው ነበር። የሙሶሊኒ መንግሥት ከአገራችን ወስዶ በ1937 ያቆመው ነው፤ ጣልያን በ1947 በተፈረመው የሰላም ውል የኢትዮጵያን ቅርስ በአሥራ ስምንት ወር ውስጥ ልትመልስ ግዴታ ገብታ ነበር፤ የፊልሙ ሠራተኞች በ1952 መብራታቸውን ሲተክሉ ቀነ ገደቡ ካለፈ ሰንብቷል፤ ሐውልቱም አገሩ የገባው በ2005፣ በስፍራው የቆመውም በ2008 ነው። ፊልሙ ስለዚህ አንዳች አይናገርም፤ ሊናገርም አይገደድም። ብቻ ኢትዮጵያዊ ተመልካች ያንን የእብነ በረድ አፍ ሲያይ፣ በዚያ ሰፈር እጁን ሊያስገባ የሚገባው ሌላ ባለ ዕዳ እንደ ነበረ ትዝ ቢለው አይፈረድበትም።

አሁን ከፊልሙ ወጥቼ ወደ ደራሲው ልለፍ። በ1954 የአሜሪካ የሲኒማ አካዳሚ የኦስካር ሽልማቱን ሲያድል ይህ ፊልም ሦስት አገኘ፤ አንዱ ለኦድሪ ሄፕበርን፣ አንዱ ለልብስ ነዳፊዋ ለኢዲት ሄድ፣ ሦስተኛው ታሪኩን ለፈጠረው ደራሲ ነበር፤ የተጠራውም የኢያን ማክሌላን ሀንተር ስም ነው። ታሪኩን የፈጠረው ግን ሀንተር አልነበረም፤ ዳልተን ትራምቦ ነበር። ትራምቦ በ1947 በአሜሪካ ምክር ቤት መርማሪ ኮሚቴ ፊት ቀርቦ የኮሚኒስት ፓርቲ አባል ስለ መሆን አለመሆኑ ሲጠየቅ አልመልስም በማለቱ፣ ከዘጠኝ የሙያ ባልደረቦቹ ጋር ምክር ቤቱን በመናቅ ተከሶ በ1950 ወኅኒ ወረደ። ስሙም በጥቁር መዝገብ ስለ ገባ አንድም ኩባንያ በግልጽ ሊያሠራው አልደፈረም። ስለዚህ ወዳጁ ሀንተር ስሙን አዋሰው፤ በሀንተር ስም የተሸጠው ታሪክ ገንዘብም ወደ ትራምቦ ተላለፈ።

ትራምቦ የራሱን መከራ በልዕልት ልብስ ሸፍኖ ጻፈው ብዬ አልሰብክም፤ ጽሑፉም እንደ ጆን ዳይተን ያሉ የሌሎች ሰዎች እጅ ገብቶበታልና እንዲህ ያለ ድፍረት ለሐያሲ አይገባም። ይሁን እንጂ ስምን ሰውሮ በከተማ ስለ መመላለስ፣ ስለ ተገዛ ምስጢርና በነጻ ስለ ተጠበቀ ምስጢር የሚናገረውን ይህን ድርሰት፣ ሰው ስለ ሰው እንዲመሰክር በሚገደድበት ዘመን፣ ስሙ የተሰወረ ሰው መጻፉን ካወቅን በኋላ፣ ፊልሙን ባለማወቃችን ዘመን እንዳየነው ልናየው አንችልም። ሀንተርም ራሱ በኋላ በዚያው ጥቁር መዝገብ ገባ። ትራምቦ በ1960 ስሙ በአደባባይ ተመልሶለት በ1976 ሲያርፍ የዚህ ፊልም ሽልማት ገና በሌላ ሰው ስም ነበረ፤ አካዳሚው ለሚስቱ ለክሊዮ ያስረከበው በ1993 ነው፤ የጽሑፉ ድርሻም በደራስያኑ ማኅበር የጸደቀለት በ2011 ነው።

በፊልሙ ውስጥ ከሣቁ መካከል ድንገት ጦርነት የሚጠቀስበት አንድ ስፍራ አለ፤ የስእለት ጽሑፍ ባለባቸው ብዙ ጽላቶች የተሸፈነ ግንብ ነው። ጋዜጠኛው እንደሚነግራት፣ አንድ አባት አራት ልጆቹን ይዞ በመንገድ ሲያልፍ አውሮፕላኖች መጥተው ቦምብ ሲጥሉ ወደዚህ ግንብ ተጠግቶ ዳነ፤ ተመልሶም የመጀመሪያውን ጽላት ሰቀለ። ልዕልቲቱ በልቧ ስእለት ትሳላለች፤ ይፈጸምልኛል ብላ ግን አትጠብቅም። የተዋናዪቱ ፊት በዚህ ጊዜ የሚያሳየውን ጸጥታ የትወና ትምህርት ብቻ አልሰጣትም። ኦድሪ ሄፕበርን በቤልጅግ ተወልዳ የጦርነቱን ዘመን በሆላንድ ያሳለፈች፣ ሕዝቡ የቱሊፕ አበባን ሥር እስኪበላ የደረሰበትን የ1944ን የረኃብ ክረምት በልጅነቷ የቀመሰች ናት፤ ከጦርነቱም በኋላ የተባበሩት መንግሥታት የእርዳታ ድርጅት ካደለው ምግብ ከበሉት ልጆች አንዷ ነበረች። በ1988 ለዩኒሴፍ የበጎ ፈቃድ አምባሳደር ሆና የመጀመሪያ ጉዞዋን ያደረገችው ወደ አገራችን ነው፤ በመቀሌ ወላጆቻቸውን ያጡ ሕፃናት የሚያድጉበትን ስፍራ ጎበኘች። ያን ጊዜ የሃምሳ ስምንት ዓመት ሴት ነበረች፤ ዓለም ግን ገና በጄላቲዋ ያስታውሳት ነበር።

ፊልሙ ነቀፋ የለበትም አልልም። በቲቤር ወንዝ ላይ በሙዚቃና በዳንስ መካከል የሚነሣው ጠብ፣ ልዕልቲቱ ክራር መሰሉን ጊታር ከአገሯ ተልኮ ሊመልሳት በመጣ ሰላይ ራስ ላይ የምትሰብርበት፣ ከመጠን በላይ የረዘመና የጮኸ ነው። የሮማ ሰዎችም የታክሲ ነጂ፣ ፀጉር አስተካካይ፣ ቤት አከራይና ቤት ጠራጊ ሆነው ያገለግላሉ እንጂ የልባቸውን ነገር የሚናገሩበት ፋታ አያገኙም፤ በገዛ ከተማቸው እንግዶቹን አጃቢዎች ናቸው። ዴ ሲካን ያየ ሰው ይህን ጉድለት ወዲያው ይለየዋል።

ፍጻሜው ግን ሁሉን ያስረሳል። የሣቅና የፍቅር ድርሰት በሠርግ ሊፈጸም ሕግ ነው፤ ይህኛው ግን ያለ ሠርግ ይፈጸማል። ልዕልቲቱ በሌሊት ወደ ኤምባሲው ተመልሳ፣ ስለ ግዴታዋ ሊያስተምሯት ለቃጡት ሽማግሌ፣ ግዴታዬን ባላውቅ ኖሮ ከቶ ባልተመለስሁም ነበር የሚል መልስ ሰጥታ አፋቸውን ታስይዛለች። በማግሥቱ በኮሎና ቤተ መንግሥት አዳራሽ ጋዜጠኞችን ስትቀበል ጆንና ኢርቪንግን ከሰልፉ መካከል ታያለች፤ ማን እንደ ነበሩም ያን ጊዜ ትረዳለች። ስለ መንግሥታት ወዳጅነት ተጠይቃ በሰውና በሰው መካከል ያለውን መታመን ጠቅሳ ስትመልስ፣ ጋዜጠኛው እምነትዎ በከንቱ አይቀርም የሚል ቃል በድርጅቱ ስም ይመልሳል። አዳራሹ ሁሉ ዲፕሎማሲ መስሎት ሲያዳምጥ ሁለቱ ይቅር ተባብለዋል። ከጎበኘቻቸው ከተሞች የትኛውን እንደ ወደደች ሲጠይቋት የተጻፈላትን ሚዛናዊ መልስ ጀምራ ትተወውና ሮማን በስሟ ትጠራለች።

በዚህ ስፍራ ተመልካች ሁሉ ዓይኑን በጆና በልዕልቲቱ ላይ ይተክላል። ፊልሙን እንደ ገና የምታዩት ሰዎች ግን ፎቶግራፍ አንሺውን እንድትመለከቱልኝ እለምናለሁ። ጆ አምስት ሺሕ ዶላሩን የተወው ስለ ወደዳት ነው፤ ፍቅር ያዘዘውን መፈጸም ብዙ አያስመሰግንም። ኢርቪንግ ግን አልወደዳትም፤ ከሥዕሎቹ ገንዘብ ድርሻ ነበረው፤ ቀኑን ሙሉ ሮጦ፣ ሻምፓኝ ከፍሎ፣ ወንበር ተገልብጦበት ያገኛቸው የድካሙ ፍሬዎች ነበሩ። ወዳጁ ቃል ስለ ሰጠ ብቻ ፎቶግራፎቹን ሁሉ በፖስታ አድርጎ፣ ከሮማ ጉብኝትዎ ማስታወሻ ይሆንዎታል ብሎ በሰልፍ ፊት ያስረክባታል፤ እርሷም ከፍታ የጊታሩን ሥዕል ታያለች፤ ኢርቪንግም እጅ ነሥቶ ወደ ተራው ይመለሳል። ኤዲ አልበርት ስለዚህ ሚና ለኦስካር ታጭቶ ነበር፤ አላገኘም።